አባባ ሥራቸውን እንዳያቃልሉ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሃርም፤

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ትራይንቼስ ከነልጆቹ እንዴት ናት? የካናዳ በረዶ እስከ መስኮት ደርሷል ብለህ ከጻፍክ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ደህና ነን፤ አባባም የበሉት ይስማማቸዋል። እኔን ግን አንድ ነገር አስፈርቶኛል።

ነገሩ አባባ ከድንች ስታርች የሚሠሯቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው፤ ሽቶ ይዘው ቀስ እያሉ የሚለቁት፣ ሲጣሉም አፈር ውስጥ በስብሰው የሚጠፉት። አንድ ትልቅ የሽቶ ኩባንያ የፈጠራ መብታችን ይሰረዝ ብሎ ተቃውሟል። ሙያውን የሚያውቅ ማንም ሰው በቀላሉ ይደርስበት ነበር ነው የሚሉት። ዳኞቹ ይህን ካመኑ መብቱ ይሰረዛል፤ እነሱ በገፍ ሲያመርቱት የእኛ ትንሽ ማምረቻ ይዘጋል።

ጠበቃችን ወይዘሮ ስኬፐርስ መልስ አለን ትላለች። ሌላው ሁሉ ስታርቹን በሙቀት ስለሚያደርቅ ሽቶው ይተንበታል። አባባ ግን ውርጭ የመታው ድንች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ እንደሚሆን አይተው ስታርቹን እንደ አጥሚት በጥብጠው ውርጭ ላይ አሳደሩት፤ ሽቶው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀረ። የድንች ሰው ከውርጭ ሲሸሽ ነው የኖረው፤ ፈልጎ የሄደበት የለም። ይህን በመጪው ወር ሄግ ከተማ ዳኞቹ ፊት ቀርበው ራሳቸው ማስረዳት አለባቸው።

አባባን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ትናንት ጠበቃዋ ልታለማምዳቸው መጥታ «ይህ ሐሳብ ለሌላ ሰው ይመጣ ነበር?» አለቻቸው።

«ኧረ ምን አላት ልጄ! ድንቹን ውጭ ረስቶ ያሳደረ ሞኝ ሁሉ ያገኘዋል።»

ራሷን ይዛ «አባቴ፣ እንዲህ ካሉማ በገዛ አፍዎ ቀበሩን እኮ!» አለች።

«ታዲያ ጉራ ልንዛ? በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይሳቅብኝ?» ብለው ወደ ሰናፍጭ ሾርባቸው ተመለሱ።

ስታገባ ስለ ሙሽራህ «ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» ማለታቸው ትዝ ይልሃል? በእኛ አገር ከዚያ የበለጠ ምስጋና እንደሌለ እኛ እናውቃለን። ዳኞቹ ግን የሰሙትን እንዳለ ነው የሚጽፉት። መሸነፉን ብቻ አይደለም የምፈራው፤ በገዛ አንደበታቸው ተሸንፈው እንዳይመለሱ ነው።

እባክህ ደውልላቸው። አባባ፣ ይህን ማንም አያስበውም ነበር በላቸው። እኔ ልነግራቸው ሄጄ የመጀመሪያውን ፍሬ እንዳሸተው ሰጡኝ፤ እማማ ትቀባው የነበረው የላቬንደር ሽቶ ነው፣ እንባዬ መጣ። ከአፌ የወጣው ግን «ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር» ሆነ።

ትራይንቼን ሳምልኝ፤ ትንሹን ኤፖን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ። አባባም ሰላም በይው ብለዋል። ስለ ሄግ ምን ልጻፍለት ብላቸው «ምን የሚጻፍ ነገር አለና» አሉኝ።

እህትህ ሂልኬ
ፌንዳም፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1998