ውሃ የጠጣ ዘንግ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ማታ 12፡30

መኪናዋ ታጥባለች። ዘይት ታይቷል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። የዘወትሩን ጨርሻለሁ፣ አሁን ካንቺ ጋር ነኝ፣ ደብተሬ። የጤና መ/ቤቱ የድሮ የጉዞ መዝገብ ነሽ፤ «መነሻ»፣ «መድረሻ»፣ «ምክንያት» የሚሉ ዓምዶችሽን እየዘለልኩ የልቤን እጽፍብሻለሁ። ዛሬ ግን ሦስቱንም የሚሞላ ነገር አለኝ።

ከመካነ ሰላም ጠዋት 1፡30 ወጣን። እኔ ሹፌሩ፣ ሲ/ር ዘሀራ፣ ሁለት ክትባት ሰጪዎች። የመጀመሪያው ዙር ክትባት፣ ታች ቆላ። የዓባይ ሸለቆ በጉም ሞልቷል። ወተት የሞላ ቅል ነው የሚመስለው። ዘሀራ ጋቢና፣ ከጎኔ። ቁልቁለቱን አጋምሰን ስንወርድ ጉሙ ለቀቀ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሷ መስኮቱን አውርዳ ታንጎራጉራለች። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ። የነጠላዋ ጫፍ በነፋሱ ይነሣል፣ ይወድቃል። አየዋለሁ። ዘላለም እንደዚህ በወረድን እያልኩ አየዋለሁ።

ድንጋዩን አላየሁትም።

ግራ የፊት ጎማ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት። ቆምን። የተጎዳ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ከሥር ገባሁ፤ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ጎብጧል። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ዞረው ይተያያሉ። ስልክ አይሠራም። ዘሀራ አልተቆጣችም፣ አልጠየቀችም። የክትባቱን ሳጥን አስነሥታ በእግር ወረደች፤ የቀረው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

እኔ ዘንጉን ፈትቼ በትከሻዬ ወደ ላይ። አያ እንድሪስ የሚባሉ ቀጥቃጭ አሉ፤ የአካባቢው ማረሻና ማጭድ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ወናፋቸውን አስነሡ። ዘንጉን አግለው አቃኑት። ክር ወጠሩበት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። ቀጥ ብሏል። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት። ግን የገበሬ ልጅ ነኛ፤ ማረሻ ውሃ ካልጠጣ እንደማይጠነክር ከልጅነቴ አውቃለሁ። ውሃ ያጠጡልኝ አልኳቸው። እንደጋለ በጉጠት ከፍ አድርገው ያዙት።

«ውሃ የሚጠጣማ የሚቆርጥ ነገር ነው። ይሄ ምን ይቆርጣል?» አሉኝ።

ግድ የለም አያ፣ ይጠንክርልኝ አልኩ። ነከሩት። ውሃው ጮኸ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ዱዓ አድርገውልኝ ሸኙኝ። ዘሀራ ከቆላ ስትመለስ መኪናዋ ተነሥታ ጠበቀቻት። «ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት አድርገው ሠሯት?» አለችኝ። በስድስት ዓመት ብቻ ብበልጣትም ጋሼ አደረገችኝ። ይሁን። ፈገግታዋ ግን ለእኔ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ረፋድ

የጉዳት ሪፖርት ሞላሁ። «የአደጋው ምክንያት» ይላል። «ጉም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ኃላፊው ሳይሰለቸው አመሰገነኝ፤ ሌላ ሹፌር ቢሆን መኪናዋን ገደል ጥሏት ይመጣ ነበር አለ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰለው።

ወሬም ሰማሁ። የዘሀራ ዝውውር ደርሷል። ወረኢሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሁለተኛውን ዙር ሰጥታ፣ ሰኞ ትሄዳለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት

መኪናዋ ደህና ናት። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆማል። አያ እንድሪስ ዘንጉን በጥቂት አሳጥረውት ይሆናል። ወደድኩት። መሪው ጠማማ፣ መንገዱ ቀጥ። እኔም እንዲሁ ነኝ መሰለኝ።

ዛሬ ገበያውን አቋርጬ እየነዳሁ የሚመጣውን ሐሙስ ሳየው ዋልኩ። ከቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ሥር ምንጭ አለ፤ ሁልጊዜ ቆመን ራዲያተር የምንሞላበት። እዚያ እነግራታለሁ። እሷ ባሏን ከፈታች ቆየች። የእኔዋ ከሞተች አምስት ዓመት ሞላት፣ አላህ ይዘንላት። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩ አልተሰበረም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። አመሻሽ

ወንድሜ ሙሄ ዘንድ ጤፍ አጨዳ ዋልኩ። ደስ ሲል። ማሳው ወርቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እያጨድኩ ሐሙስን አልማለሁ። ማጭዴ ድንጋይ ነካ፤ ደህና አድርጎ አልመታውም፣ ነካ ነው ያደረገው። ጫፉ ተሰብሮ ቀረ። አልጎበጠም፣ አልተጣመመም። ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ሙሄ አንሥቶ አየውና ውሃ በዝቶበታል አለኝ። ውሃ የጠጣ ብረት አይጎብጥም፣ ሲመታ ይሰበራል አለ። ወደ አጨዳው ዞረ።

እኔ ግን የመኪናዋን ዘንግ አስቤ ቆሜ ቀረሁ። ወርቁም ሰማዩም ጠፋብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከምሳ በኋላ

ሁለት ቀን ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ወዲህ ስንቴ ነዳኋት፣ ምን ሆነች? የሐሙሱ ጉዞ እኮ አንድ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ። ከዚያ ደሴ ወስጄ አስለውጠዋለሁ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ድንጋይ አልነካም። እንዲህ እያልኩ።

ቀትር ላይ ጋቢና ውስጥ ሸለብ አደረገኝ። ቁልቁለቱ ላይ ነን። መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናዋ አትሰማም። ወደ ገደሉ ትሄዳለች፣ ግን አትወድቅም፤ ጉሙ ላይ ትንሳፈፋለች። ከታች የጤፍ ማሳ፣ ጭላዳዎች፣ ምንጩ። ዘሀራ ያቺን ዜማ ታንጎራጉራለች። እጄ ውስጥ መሪው ይሽከረከራል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። እንዲያ ዓይነት ውብ ነገር አይቼ አላውቅም።

ስነቃ ሸሚዜ በላብ ርሷል። ክትባት ሰጪዎቹ ልጆች አሏቸው። እሷ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከቀኑ 10 ሰዓት

ፈታሁት። ጋራዥ ወሰድኩት። ብረት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰርኩት። መዶሻ ለመንኩ። ካልተሰበረ ነገ እነዳለሁ፣ ከተሰበረ አበቃ፤ ከራሴ ጋር ውሌ ይህ ነበር። እንዳይሰበር ዱዓ ማድረጌን ላንቺ አልደብቅም።

አንድ ጊዜ መታሁት።

ለሁለት። ስብራቱ ውስጡ ደቃቅ፣ ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ። ጋራዡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ሕይወት በዚህ ላይ ጭኜ ስሄድ ከርሜያለሁ።

ሁለቱን ቁራጭ ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ተቆጣ። ማን ቀጥቃጭ ነው እንዲህ ያበላሸው አለ። የእሳቸው እጅ ንጹሕ ነው፣ ያበላሸው የእኔ አፍ ነው አልኩ። አዲስ ዘንግ ከደሴ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ሌላ መኪና የለም። ነገ በሚጭን አይሱዙ እስከ ገደሉ አፍ፣ ከዚያ በእግር ይሂዱ ተባለ። ሹፌሩ ይቅር። መኪና የሌለው ሹፌር ምን ይሠራል?

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ገባች። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንሥታ አነበበችው። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን። ኃላፊው ስልክ ሊያነሣ ሲወጣ ጠብቃ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ጋሽ ሰይድ፣ ጉሙ እኮ ያኔ ለቆ ነበር።»

ወረቀቱን ቦታው መለሰች። ነገ ሳጥኑን የሚሸከም ሰው ያስፈልገናል አለችና ወጣች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት 1፡40። ገደሉ አፍ

አይሱዙው አውርዶን ሄደ። የመጣሁት በፈቃዴ ነው፤ ኃላፊውን ሳጥን ልሸከም አልኩት፣ ሳቀብኝና ሂድ አለኝ። ክትባት ሰጪዎቹ ቀድመው ወርደዋል። ዘሀራ ጥቂት እርምጃ ወደ ታች ሄዳ የጫማዋን ክር ታጠብቃለች። ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

ሸለቆው ዛሬም አፉ ድረስ ነጭ። ኪሴ ውስጥ አንዱ ቁራጭ አለ። ስንመለስ አያ እንድሪስ ዘንድ ጎራ ብዬ አሳያቸዋለሁ፤ ልክ ነበሩ፣ አልሰማሁዎትም እላቸዋለሁ። ይህ ቀላሉ ነው።

ሪፖርቱን ትናንት መልሼ ወስጄ «ጉም» የሚለውን ሰርዣለሁ። ቦታው ባዶ ነው። መ/ቤቱ የፈለገውን ይጻፍበት። እውነተኛውን ምክንያት ግን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንቢ ብትለኝም፣ ብትስቅብኝም፣ ሰኞ ወረኢሉ ብትሄድም። ምንጩ ድረስ አልጠብቅም። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ ይጠራል። ጉሙ ሳይለቅ፣ ፊቴን ሳታየው ብነግራት ይሻለ

ጠራችኝ። ሳጥኑን አንሥቼ