ከቱቦው በላይ የተነጠፈው ፎም

በድረዲን፣

ከሥራ ስትገባ አታገኘኝም፤ ጀልባ ልጠግን ከኤደን ወጣ ብሎ ካለው ባሕር ዳርቻ፣ ራስ ኢምራን ሄጃለሁ። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ። እንደ ልማድህ ቆመህ አትብላው።

ወረኢሉ ላይ ለእናትህ ከመሬት ከፍ አድርገህ ላሠራኸው የእንጨት ቤት የሣልኩልህ የሚሞቅ ወለል ንድፍ ስህተት ነው። ሙቀት የሚያግደውን ፎም ከሙቅ ውሃው ቱቦ በላይ አድርጌዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ የመን የኤደንን ጣሪያ በፎም ስሸፍን ሥራዬ የፀሐዩን ሙቀት ከላይ መመለስ ነበር፤ ወላሂ እጄ ያንኑ ደገመው። አሁን ቱቦው የሚያሞቀው በቤቱ ሥር የሚያልፈውን ንፋስ ነው። "ሙሀንዲስ" እያልክ ስትጠራኝ ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው። ያንተም ትንሽ አለበት።

ለወንድምህ ለሙስሊም ደውልለት። የወለሉን ሳንቃ ነቅሎ ፎሙን ከቱቦው ሥር ያድርገው፤ ከታች ደግሞ ንፋስ እንዳይገባ በጣውላ ይዝጋው። እኔ ስነግረው "አናጢው ሄዷል፣ ሌላ አናጢ የለም፣ ውርጩም ገብቷል" አለኝ። አንተ ብትለው ይሻላል።

ፊት ለፊት ልነግርህ ሦስት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናትህ ትናንት በስልክ ድምፃቸውን ልከውልኛል። "ሞቆኛል ልጄ፣ አላህ እጅህን ይባርከው" ብለው መረቁኝ። ሙስሊም እንደነገረኝ ግን፣ ሙቀት ፍለጋ ከብቶቹ ዘንድ ነው የሚያድሩት።

ኸይሩ