የእትዬ ግራ ጆሮ

መጋቢት 4
ከባድ የሐዘን ዜና! የሥራ ሱሪዬ ገና በለጋ ዕድሜው፣ ባደረበት ድንገተኛ ንክሻ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ገዳይዋ እትዬ ናት... መቶ ሰማንያ ኪሎ የምትመዝን የምርምር አሳማችን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር የአሳማዋ ጆሮ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ልታስገባ ስትል፣ እትዬ ሱሪዬን ጉልበቴ ላይ ዘነጠለችው። ሆዷን ሳክላት ግን ቀጥ! መርፌው ሲገባ እንኳ ንቅንቅ የለም።
"አንተ ለሰው ባትሆን ለአሳማ ትሆናለህ" አለች ዶክተሯ። ሙገሳ ነው ስድብ?

መጋቢት 6
በየቀኑ በቱቦው ደም እንቀዳለን። ቀኝ ጆሮዋ ባለፈው አብጦ ተበላሽቷል፤ የቀረን ግራው ብቻ።
"ቱቦውን የሸፈነው ፋሻ ላይ ምንም እንዳይንጠለጠል። አሳማ ያየውን ያኝካል።" ዶክተሯ አሥር ጊዜ ነገረችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

መጋቢት 7
ከመውጣቴ በፊት ፋሻዋ ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ። ሙሽራ መሰለች! ዶክተሯ ነገ ስታያት በሳቅ ትሞታለች።

መጋቢት 8
አልሳቀችም።
የጎረቤት በረት አሳማ በብረቱ መሀል ሪባኑን ስባ፣ ቱቦውን ከነፋሻው መንጭቃዋለች። ደም ሥሩ ተቀዷል።
"ማነው ያሰረው?"
"እኔ።"
ብትሰድበኝ ምናለበት?
የእትዬን ጆሮ በሙቅ ፎጣ አሞቀች፣ ግርጌውን በላስቲክ አሰረች፣ ሦስቴ ወጋች። ደም የለም። ደም የማትሰጥ አሳማ ከጥናቱ ትወጣለች። መውጣት ማለት ደግሞ... መገደል ነው።
"ሌላ ቦታ ይሞክሩ ዶክተር፣ በእናትዎ!"
"ለጥናቱ የተፈቀደልን ጆሮ ብቻ ነው፣ ወንድሜ።"
ወንድሜ ብላኝ አታውቅም።

መጋቢት 9
"የሚይዛት ሌላ ሰው ልጥራ?" አለችኝ ዶክተሯ። እምቢ አልኩ። የማትነቃበትን ማደንዘዣ አንገቷ ላይ ስትወጋት ሆዷን አከክኩላት። ቀጥ ብላ ቆመች። ምነው በነከሰችኝ...

መጋቢት 10
ሥራ አልሄድኩም።

መጋቢት 15
አዲስ አሳማ ገብታለች። ፋሻዋን ጠቅልዬ ሦስቴ ዳሰስኩት። ስም አላወጣሁላትም።
ቤት ስገባ እናቴ ግንባሬን ነካች። "አሞሃል እንዴ? ስንት ቀንህ፣ ሳትተርበኝ?"
"አንድ አሳማ ሞታብኝ ነው፣ እማ።"
"ውይ! እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ!" ሳቀች። አብሬያት ልስቅ ሞከርኩ... አፌ አልታዘዝ አለኝ።
እውነቷን እኮ ነው። አንድ አሳማ ናት። ትንሽ ነገር ነው።