የዘርፈሽ ቀብር

መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ይድረስ ለልጄ ለኖላዊት ኤርጫፎ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱን ለመድሽው? እኛ ይመስገነው ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ገበያ ግን አትቀርም። ደጋው ዘንድሮ ቶሎ ዘንቦለታል። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል ትዪ ይሆናል። ቁጥርሽን ከእናትሽ ወስጄ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ‹‹ሃሎ›› ስትዪ ዘጋሁት። ሃይማኖት ቀይረሽ ከቤት ከወጣሽ ስድስት ዓመት ሆነሽ። ይህን ያህል ዝም ያለ ሰው በምን ይጀምራል?

የምጽፍልሽ ዘርፈሽ ስላረፈች ነው፤ የሸማኔው የገነነ ሚስት፣ አብራሽ ትዘምር የነበረችው። በመፃጉዕ እሑድ ማግስት ሆዷን አሟት፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች።

እድሩ ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት ሜዳ፣ ተሰበሰበ። ዳኛው እኔ ነኝ። አንዱ ተነሣና ‹‹ሃይማኖቷን ጥላ የሄደች ከአባቶቻችን ጎን አትቀበርም። ድንኳን አይወጣላትም፣ ጉድጓድም አንቆፍርም›› አለ። ብዙዎቹ ‹‹ልክ ነው›› አሉ። በሰፈራችን ሬሳ ወጥቶ ዘርፈሽ የቀረችበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ገነነ ደጄ መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

‹‹ጋሽ ኤርጫፎ፣ እነሱ ያሉትን ሰምቻለሁ። እርስዎ ምን አሉ?››

‹‹ምንም አላልኩም።››

‹‹እሱንም ሰምቻለሁ›› ብሎኝ ሄደ።

በዋዜማው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተነበበው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ነበር። ‹‹ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም›› ይላል። በየዓመቱ ስሰማው የማዝነው ለበሽተኛው ነው። ገነነ ከሄደ በኋላ ግን አጠገቡ ስለነበሩት አሰብኩ። ያን ሁሉ ዘመን እያዩት የሚያልፉት እነማን ናቸው? የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ተነሥቼ መምሬ ሀብተወልድ ዘንድ ሄድኩ። ‹‹እኔ አልፈታትም፤ የእምነት ወገኖቿም አይፈልጉኝም›› አሉ። ‹‹ግን ከቅጥራችን ውጭ ያለው መቃብር የአገሩ ሁሉ ነው። በእኔ ስም ማንም እንዳይከለክላት።››

‹‹ነገ መጥተው ይህንኑ ይናገሩልኛል?››

‹‹እናገራለሁ›› አሉ።

አልመጡም። አልፈርድባቸውም፤ ዝምታውን እኔ ነኝ የጀመርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ዶማዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ቆይቶ የጎረቤታችን የወርቄ ባል አካፋ ይዞ መጣ። እስከ ስድስት ሰዓት ቆፈርን። ሬሳው ሲመጣ ግን ጎረምሶች መንገዱን ዘግተው ቆሙ፤ ዱላ የያዙም ነበሩ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሳር ነጨሁና በሁለት እጄ ይዤ ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። በአገራችን ሳር ይዞ የሚለምን ሽማግሌን እምቢ ማለት ትልቅ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንዱ ‹‹ጋሽ ኤርጫፎ፣ ይነሡ እንጂ! እኛን ያሳፍሩናል›› አለኝ።

‹‹አሳልፏትና እነሣለሁ።››

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ እግሬ ደንዝዞ ነበር። በመጨረሻ ያ ያናገረኝ ልጅ ዱላውን ጥሎ ከመንገዱ ወጣ። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሉት።

ወገኖቿ ዘመሩላት። እኔም እስከ መጨረሻው ቆሜ ሸኘኋት። ከመዝሙሮቹ አንዱን አውቀዋለሁ፤ ጓዳ ሆነሽ ስታንጎራጉሪው ‹‹ዝም በይ!›› እልሽ የነበረው ነው። ለካ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

ሐሙስ እድሩ ከዳኝነት አወረደኝ፤ ከአባልነትም ሰረዘኝ። እናትሽ ‹‹እኛስ ስንሞት ማን ይቀብረናል?›› ብላ አለቀሰች። ነገር ግን ከታች መንደር ከዘርፈሽ ወገን የሆነ ሌላ የታመመ አማኝ አለ፤ ነገ እሱ ቢሞት ደግሞ በሳር ልንለምን ነው? ስለዚህ መቃብሩ ለማንም እንዳይከለከል ለመንግሥት ቢሮ ማመልከቻ ልናስገባ ዛሬ ከገነነ ጋር ወደ ሴቻ ወረድን።

ቢሮው ውስጥ ያገኘናት ፈይሩዝ የምትባል ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጣች ናት። እሷም ረመዳን ላይ ስለሆነች ከንፈሯ ደርቋል፤ ሳትሰለች ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ጻፈችልን።

‹‹አባባ፣ ሟቿ ምንዎ ናት?›› አለችኝ።

‹‹ምኔም አይደለችም።››

‹‹‹እርስዎን ምን አገባዎት?› ቢሉኝስ ምን ልበል?››

‹‹ልጄን አንድ ወር ሙሉ ቤቷ አስቀምጣልኛለች።››

‹‹ልጅዎ ቤት አልነበራትም?››

ገነነ አንገቱን ደፋ። ‹‹ነበራት›› አልኳት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ በሩን የዘጋባት ማን እንደሆነ ጭምር። ጻፈችውና ቀና ብላ አየችኝ።

‹‹አባባ፣ የበሩን ነገር የምትለውን ይህችን መስመር ላጥፋት? ለጉዳዩ ግድ አታስፈልግም።››

‹‹ተያት፤ ትቀመጥ›› አልኩ።

ፈረምኩ። መልሱን ከፋሲካ በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቁ ተብለናል። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ገነነ ‹‹ቢያንስ ተጽፏል›› ይላል።

ልጄ፣ ጤናሽን ጠብቂ። በሥራሽ የሰው ፍቅር ይስጥሽ። የምትጠሪው አምላክ በጠራሽው ጊዜ ሁሉ ይስማሽ።

የማመልከቻውን ግልባጭ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ሌላው የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ሦስተኛውን መስመር ብቻ አንብቢልኝ።

አባትሽ
ኤርጫፎ