«ቤትሽ ወንድ አለ?»

ማክሰኞ፣ ማርች 12 ቀን 1996፣ ዋይት ሲቲ

ዛሬ የሟች ባሌን ጡረታ ልጠይቅ ከታናሽ ወንድሙ ከግርማ ጋር ጡረታ ቢሮ ሄድኩ፤ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚዬ እሱ ነው። የቢሮዋ ሴትዮ ደንቡን ነገረችን። ጡረታው ለሚስት በየወሩ ይከፈላል፤ ከሌላ ወንድ ጋር መኖር ከጀመረች ግን ይቋረጣል። «ቤትሽ ወንድ አለ?» ብላም ጠየቀች። ግርማ ይህን ሲተረጉምልኝ አንገቱን ደፋ፤ ሳሎኔ ውስጥ የሚተኛው እሱ ነው። ከል ለብሼ ፊቷ ተቀምጬ እንዲህ ትለኛለች? በአማርኛ ልክ ልኳን ነገርኳት፤ ግርማ ግን አልተረጎመውም።

ቤት ስንገባ ሻንጣውን መሸከፍ ጀመረ። «እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ጡረታሽ አይቅር» አለኝ። የወንድሙ ቤት አይደለም እንዴ? ሻንጣውን ነጥቄ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ነገ ከቢሮው መጥተው ቢፈትሹ፣ የወንድ ልብስ የሚያገኙት እኔው መኝታ ቤት ነው።