ወንድሜ ይለወጥ እንደሆነ ለጠየቁኝ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ብርዱ አልበረታብዎትም? የእማዬ ደም ግፊትስ ረገብ አለላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህች ክፍል ቅዝቃዜ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድሜን ከቤት ካስወጡት በኋላ የጻፉልኝ ደርሶኛል። የእማዬን ቀለበት ሸጦ መጠጣቱን ሳነብ እኔም ተናደድኩበት። «ዓመል ያወጣል ከመሃል» ብለው፣ መለስ ብለው ደግሞ «የሰው ባሕርይ የምታጠኚው አንቺ ነሽ፤ ይለወጣል ካልሽኝ በሩን እከፍትለታለሁ» ብለውኛል። አባባ፣ እንዲህ ያለ ሸክም በልጅ ጫንቃ ላይ ይጣላል?

እውነቱን ልንገርዎት፤ እኛም አናውቅም። ሥራችን ሰውን ስለ ራሱ መጠየቅ ነው። «ታታሪ ነኝ» የሚል እናነብለታለን፣ እሱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ ማለት ፈጽሞ አይደለሁም ነው። በቀደም ከአገራችን ሰዎች አንድ ጡረተኛ መምህር «ራሴን በራሴ ላመሰግን? ጎረቤቴን ጠይቂው እንጂ» ብለው ቆጣ አሉብኝ። እንደ እሳቸው ያፈሩት ሁሉ ሦስትን መረጡ። አለቃዬም ደምሮ «የእነዚህ ሰዎች ባሕርይ መካከለኛ ነው» ብሎ ጻፈ። ይሉኝታ ነው ስለው፣ ይሉኝታ የሚባል መጠይቁ ውስጥ የለም አለኝ። ሌሎች ያንኑ ጥናት ሲደግሙት ሌላ ውጤት ወጣ። የለፋሁበትን ሁሉ ውኃ በላው።

አሁን አለቃዬ ከእንግዲህ የሚያዋጣው ዘመድ ጎረቤቱን መጠየቅ፣ የሰውን ውሎ ለዓመታት መከታተል ነው ይላል። እኔን ተስፋሽ ስንት ነው ቢሉኝ አንድም አይሞላ። ያ ሁሉ ቢሠራ እንኳ የሚነግረን ከብዙ ሰው መካከል ስንቱ እንደተለወጠ ነው። ስለ አንዱ፣ ስለ እርስዎ ልጅ፣ ምንም አይልም።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ያንኑ መጠይቅ ለወንድሜ አነበብኩለት። ጓደኛው ቤት ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ቀልዶ ያልፈዋል ስል፣ መልካም ለሆነው ሁሉ አንድ፣ አንድ እያለ መለሰልኝ። «ሰው ያምነኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቁጥር አልሰጠኝም። «እሱን አባባን ጠይቂልኝ» አለ።

ስለዚህ ይለወጣል ብዬ አልዋሽዎትም፤ አይለወጥም ብዬም በሩን አልቆልፍበትም። የጠየቀዎትን ግን ይኸው አድርሻለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። አክስቴን ወገቧን እንድትጠብቅ ይንገሩልኝ። ታናሽ እህቴን፣ ፈተናው ይቅናሽ ብላለች ይበሉልኝ። ወንድሜን ሳይስሙልኝ እንዳይቀሩ እንዳልል ቤት የለም፤ የእሱን ሰላምታ እርስዎ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ልጅዎ
ከሥራ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን