አባትሽ ያልሸኘሽበት መንገድ

ልጄ ኬሪን፣ በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ የግላስጎው ብርድም ይራራልሽ። እኛ ከዝንቡ በቀር ደህና ነን። ከድርቁ የተረፉትን ከብቶች ሸጥናቸው።

አባትሽ አንድ አሮጌ ሚኒባስ በርካሽ ገዝቶ ከኋላው ፍራሽ አነጠፈበትና «ተነሺ፣ አገር እንይ» አለኝ። ካንጋሮው መንገድ ላይ ሳይወጣ፣ ገና ሳይመሽ እያቆምን፣ የቆርቆሮ ባቄላ እያሞቅን በቀዩ አቧራ ውስጥ ሰነበትን። እንደለመደው ከፊት ለሚመጣ መኪና ሁሉ አንድ ጣቱን ከመሪው አንስቶ ሰላም ይላል። አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ገብተንም አልተወም። «ተው አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ማን ያውቅሃል?» ብለውም አልሰማኝ።

አገር ማየቱ ግን ሰበብ ኖሯል። በቀጥታ የወሰደኝ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ነው። ያኔ ወደ ግላስጎው ስትሄጂ፣ ከብት መጫኑ በልጦበት ሳይሸኝሽ ሲቀር፣ ብቻሽን በአውቶብስ የመጣሽበት ቦታ።

«መንገዱ ለካ ይህን ያህል አይከፋም» አለ። «ላደርሳት እችል ነበር።»

አውሮፕላን ሲነሳ አየና ጣቱን ከመሪው አነሳ። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ከዓይን እስኪጠፋ አላወረደውም።

እግዜር በሰላም ያገናኘን። ስትመጪ አደራሽን፣ አውቶብስ እንዳትይዢ።

እናትሽ ማርዥሪ